የአቶ አስናቀ አውራ ጣት

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት፣ ሸለብታ ደሴ ከገባ በአራተኛው ዓመት፣ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ማለቱን ትቶ «ነቃህ?» ይባባል ነበር። መልሱ «ነቃሁ፣ ተመስገን» ነው። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የየቤቱ ግድግዳ የነዋሪውን ስም ይጠራል፤ ነዋሪውም በገዛ ድምፁ «አለሁ» ይላል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ከተኙት ይቆጠራል። ከዚያ ግድግዳው ባማረ የሴት ድምፅ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ዝም ይላል፤ እስከ ማግስቱም አይናገርም።

በሽታው እንደ ስሙ ለስላሳ ነው። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፤ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም በሁለተኛው ዓመት ተረጋግጧል። ሰውዬው የጫማውን ክር እያሰረ፣ ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፈች ሸለብ ያደርጋቸዋል፤ በዚያው ይቀራሉ። ትንፋሻቸው ደህና ነው፣ የፊታቸው ወዝም አይጠፋም። ሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው ብቻ እንደ አራስ ልጅ ጭብጣቸው ውስጥ ይታጠፋሉ። ሕዝቡ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ነው ያመጣብን ይላል። ሐኪሞቹ ጭጋጉ አይደለም ይላሉ፤ ምን እንደሆነ ግን ገና እየተጠና ነው።

የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ከንፈሩ በማንኪያ ውሃ መራስ፣ ጆሮውም የሰው ወሬ መስማት አለበት። ለዚህ ሁሉ ነርስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ደንብ ወጣ። በእግር የሚደርሱለት አራት ዘመዶች የፈረሙለት ሰው ቤቱ ይተኛል፤ ፈራሚ ያጣ ደግሞ በአሥራ አራተኛው ቀን ቆላ ወዳለው ማሳረፊያ ይወርዳል። ቤታቸው ከተኙት አብዛኞቹ አርባ ቀን ሳይሞላቸው ይነቃሉ። ወደ ማሳረፊያው የወረዱት ንጹሕ አልጋና ንጹሕ አየር አላቸው፤ ፎቶግራፋቸውም በየወሩ ለሕንፃቸው ይላካል። እስካሁን ከዚያ የተመለሰ የለም።

የምትወስዳቸው መኪና ነጭ ናት፤ ሹፌር የላትም። ዳገቱን ስትወጣ ቀስ ያለ ሙዚቃ ታሰማለች። ሰዉ «ሙሽሪት» ይላታል።

ሙሽሪት ቁጥር ሰባት ሕንፃ በር ላይ ቆማ አታውቅም። በአራት ዓመት ሃያ ዘጠኝ ሰው ተኝቶ ሃያ ዘጠኙም ነቅቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ምስጋናውን ለዘምዘም ይሰጣል። ዘምዘም አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ትኖራለች፣ አሳንሰር ትጠግናለች፣ የሕንፃውን የማገላበጥ ተራም እሷ ትመራለች። ደወሉ በየሁለት ሰዓቱ ሲደወል ቁጥር ሰባት ውስጥ ጉርሻ አፍ ሳይደርስ ይቀራል፤ ጠብ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ባለተራዎቹ ወደየተኙበት ቤት ሄደው ያገላብጡና ተመልሰው ጠቡን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሕጉ ከዘመድ የሚፈልገው ፊርማውን ነው። ጉልበቱን ጎረቤት ያዋጣል።

እንግዲህ በዚህ ሕንፃ ውስጥ፣ ከዘምዘም በር ፊት ለፊት፣ አቶ አስናቀ ደርበው ይኖራሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ያላቸው ብዕር ነው። ቅሬታቸውን በወረቀት ጽፈው አሳንሰሩ በር ላይ ይለጥፋሉ፦ «ጉዳዩ፦ ከአምስተኛ ፎቅ የሚሰማውን የሙቀጫ ድምፅ ይመለከታል።» «ጉዳዩ፦ የዓሣ ጥብስ ሽታን ይመለከታል።» የሕንፃው ሰው እያነበበ ይስቃል፣ እየሳቀ ይናደዳል። በማገላበጡ ተራ ስማቸውን አስገብተው አያውቁም። «እኔ መሬት መለካት እንጂ ሰው ማገላበጥ አልተማርኩም» ይሉ ነበር። ከዘምዘም ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

እሳቸውም አንድ ማለዳ ለግድግዳው ሳይመልሱ ቀሩ። በር ተከፍቶ ሲገባ ጠረጴዛቸው ላይ ደፋ ብለው ተገኙ። ከፊታቸው በተቀመጠው ወረቀት ላይ «ጉዳዩ፦» ብለው ጽፈዋል፤ ቀጥሎ ያለው አልተሞላም።

በዝምድና መዝገቡ ከስማቸው ትይዩ አንድም ሰው አልተገኘም። ዘምዘም እንዲሁ ያለ ዘመድ ታገላብጣቸው ጀመር፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተራ ገቡላት። አሥራ ሦስተኛው ቀን ሲደርስ ግን ነዋሪውን ከቀትር በኋላ ደረጃው ላይ ሰበሰበችው። የቁጥር ሰባት ስብሰባ ሁልጊዜ ደረጃ ላይ ነው፤ ሰው ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ፎቅ በየእርከኑ ይቀመጣል፣ ተናጋሪው መሃል ይቆማል።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ሙሽሪት ትመጣለች» አለች ዘምዘም። «ደንቡን ደጋግሜ አነበብኩት። ‹በአገር ባህል የታወቀ ዝምድና በሽማግሌ ከተመሰከረ እንደ ሥጋ ዝምድና ይቆጠራል› የሚል አንቀጽ አለው።»

«ታዲያ እሱ ለኛ ምን ይፈይዳል?» አለ በላቸው። በላቸው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር አናጢ ነው። አቶ አስናቀ የልጁን ኳስ በቢላዋ ቀደው፣ በፌስታል ጠቅልለው ከመለሱለት ወዲህ ስማቸውን አይጠራም።

«የጡት ልጅ ማለቴ ነው።»

ደረጃው በሳቅ ተሞላ። ወጣቶቹ ግን አልገባቸውም ነበርና ሼህ ኑርዬ አስረዷቸው። ሼሁ የሕንፃው የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ነው የሚወጣው። «ድሮ» አሉ፣ «ሰው ካልወለደው ሰው ጋር አባትና ልጅ መሆን ሲፈልግ ሽማግሌ ይቀመጣል። አባት የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ያስነካል። ልጅ የሚሆነው ይጠባል። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ቢጣሉ እንኳ የሚጣሉት እንደ አባትና ልጅ ነው።»

«ኧረ በማርያም!» ብሎ ተነሳ በላቸው። «እኔ የሰውዬውን ጣት ልጠባ? ሃያ ዘጠኝ ሰው ስናገላብጥ አንድ ቀን እጁን ዘርግቷል? እስቲ አንቺን ልጠይቅሽ ዘምዘም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት አንቺ ራስሽ ሠላሳ ሦስት ቀን ስትተኚ አንዴ አገላብጦሻል?»

«አላገላበጡኝም» አለች።

«በቃ!» አለና ተቀመጠ። ብዙ ራሶች ተነቀነቁ።

ሼህ ኑርዬ እጃቸውን አነሱ። «ሌላም ነገር አለ። አባትነት በጉልበት አይሆንም። ጣቱን የሚሰጠው አባት ራሱ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ አውራ ጣቱን ጨብጦ ነው የሚተኛው። ፈልቅቃችሁ ካወጣችሁት ስርቆት ነው፤ ወላሂ አልመሰክርም።»

«ዝምታ እሺታ ነው ይባል የለም እንዴ ሼሁ?» አለች አንዲት ልጃገረድ ከላይኛው እርከን።

«እሱ ለሙሽራ ነው ልጄ። ለበሽተኛ አይሠራም።»

ዘምዘም ጉሮሮዋን ጠረገች። የነቁ ሰዎች በተኙ ጊዜ ያዩትን አያወሩም፤ ይህን ያዘዘ ሕግ የለም፣ እንዲያው ነውር ሆኖ ቀርቷል። እሷም ለእናቷ እንኳ ተናግራ አታውቅም። አሁን ግን ያላት እሱ ብቻ ነበር።

«ሜዳ ነው» አለች። «ውሃ የተኛበት ሜዳ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ለብ ያለ ነው። ሰማይ የለውም። ሲራመዱበት እንኳ ድምፅ አያሰማም። ደስ ይላል። የሚያስፈራውም ይኸው ደስ ማለቱ ነው። እናቴ ዱዓ ስታደርግልኝ እሰማለሁ፤ እናንተም ስትመርቁኝ፣ ስታባብሉኝ እሰማለሁ። ግን ድምፃችሁ ሁሉ ይለሰልስና ከውሃው ጋር አንድ ይሆናል። ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። እኔም ወደፊት እሄዳለሁ፤ ለመመለስ አላሰብኩም።»

ፊቷን ወደ አቶ አስናቀ በር መለሰች።

«አንድ ቀን ሸካራ ድምፅ መጣ። ‹ይሄ አሳንሰር ዛሬም ቆመ! የዚች ሴት እንቅልፍ መቼ ነው የሚያልቀው?› ይላል። ደሜ ፈላ። አሳንሰሩን እኮ ከመተኛቴ በፊት ሐሙስ ዕለት ሠርቼዋለሁ። ሐሙስ ነው የሠራሁት ልለው ዞር አልኩ። ዞር ስል በየት በኩል እንደመጣሁ አወቅኩት። ያን ድምፅ ልሳደብ ስሄድ ነው የነቃሁት። ጋሽ አስናቀ ነበሩ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በሬ ሥር። ከነቃሁ በኋላ አላመሰገንኳቸውም። ‹ስለተሳደቡ አላህ ይስጥልኝ› ይባላል እንዴ? አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምስጋናዬን ውጬ በበራቸው አለፍኩ። ነገ ከወሰዷቸው ውጬው ልቀር ነው።»

በላቸው ነው መጀመሪያ የተናገረው። «እንግዲያው ሰውዬው እየሰማን ነው?»

«ይሰማሉ።»

«አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ አልጋው ዙሪያ ሆነን ስናማው…»

«ሁሉንም ሰምተዋል።»

ሰዉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ልጅ የሚሆን ካለ እጁን ያውጣ ሲባል አሥራ አንድ እጅ ወጣ። የበላቸው እጅ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሼህ ኑርዬም ጣቱን ራሱ ካወጣ እመሰክራለሁ፣ ካላወጣ ግን ይቅር በሉኝ ብለው እየተደገፉ ወደ አሥረኛ ፎቅ ወጡ።

በማግስቱ ጧት ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ዋጠው። ከአቶ አስናቀ መስኮት ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሕንፃው ብቻውን ነጭ ነገር ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ሼሁ ማሩን በስኒ ይዘው መጡ። ልጅ ለመሆን የፈቀዱት አሥራ አንዱም፣ ለማየት የመጣውም ክፍሉን ሞሉት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የዝምድና መዝገቡን የሚይዘው ድርጅት ሠራተኛ ደረሰ። ቃልአብ የሚባል ለግላጋ ወጣት ነው፤ የሚባለውን ሰምቶ የሚመዘግብ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ጥግ ቆመ። «እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም አልችልም» አለ፤ ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረበትም።

ከኋላው በላቸው ገባ።

«መጣህ?» አለች ዘምዘም፤ ልቧ ደስ ብሎት ነበር።

«ለመሸከም ነው» አለ በላቸው ዓይኗን ሳያይ። «ከአልጋ ወደ መኪና የሚያወርድ ጎረቤት ነው ይላል ደንቡ። ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልጋችኋል ብዬ ነው።»

እንግዲህ የቁጥር ሰባት ሰዎች ስህተት የሠሩት እዚህ ላይ ነው። ሌላ አገር ሰው እንዲህ ያለ ስህተት መሥራቱን እንጃ። አቶ አስናቀ እንደሚሰሙ ባወቁ ጊዜ ይሉኝታ ያዛቸው። ትናንት ስማቸውን እያነሳ ሲያማ የነበረው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ አልጋው አጠገብ ተራ በተራ ቀረበ። «ጋሽዬ፣ እግዜር ይማርዎ።» «ጋሽ አስናቀ፣ የሕንፃችን ሞገስ፣ እርስዎ ከተኙ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ።» «አብሽሩ፣ ጣትዎን ብቻ ያውጡልን፣ እባክዎ።» ዓሣ የምትጠብሰው ሴትዮ እንዲያውም አለቀሰች። የአቶ አስናቀ ፊት እየተፈታ፣ እየለሰለሰ፣ እየራቀ ሄደ። ጭብጣቸው ግን እንደተጨበጠ ነው።

ዘምዘም ይህን አየች። ያ ፊት የት እንዳለ ታውቃለች። ለብ ባለው ውሃ ውስጥ እየተራመደ ነው፤ የሚሰማው ለስላሳ ድምፅ ሁሉ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ወደፊት እየገፋው ነው። አራት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። ከታች፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ የሙሽሪት ሙዚቃ ዳገቱን ሲወጣ ተሰማ።

«በላቸው» አለች፣ «ተናገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«በሆድህ የያዝከውን። ኳሱን።»

በላቸው ወደ ሽማግሌው አየ። «ታሞ ተኝቶ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውሩ ይቅርና ተናገር! በይሉኝታ ልንገድላቸው ነው!»

በላቸው ጠጋ አለ። «ጋሽ አስናቀ… ያ ኳስ የልደቱ ስጦታ ነበር።» ከዚያ ጠንከር አለ። «ሰባት ዓመቱ ነበር። በፌስታል ጠቅልለህ ስትሰጠው ‹ተቀበል› ነው ያልከው፤ ደግሞ ፈርምልኝ አልክ! ሕፃን ልጅ ታስፈርማለህ?» አሁን ጮኸ። «ለመሆኑ ኳስ ምን በድሎህ ነው? አንተ ልጅ ሆነህ አታውቅም?»

የተከለከለ ነገር እንደተፈቀደላቸው ሁሉ ሌሎቹም ተከተሉ። የዓሣዋ ሴትዮ እንባዋን ጠርጋ «ዓሣ ባይሸት ዓሣ ይባላል?» ብላ ተነሳች። አንዱ ስለ ልብስ ማስጫው ገመድ፣ ሌላው ስለ ሠርጉ ዕለት ስለጠፋው መብራት ተናገረ። ዘምዘምም ሁለት ዓመት የዋጠችው ሌላ ነገር አብሮ ወጣላት። «አሳንሰሩን ሐሙስ ነው የሠራሁት! ሐሙስ!» እያለች ጠረጴዛውን ትመታለች። ክፍሉ ገበያ ሆነ። መዝጋቢው ወጣት ሰሌዳውን እንደ ጋሻ ይዞ ወደ በሩ አፈገፈገ።

የአቶ አስናቀ ግንባር ተኮሳተረ።

ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ በጥቂቱ ተነሳ፤ ጭብጣቸው ተከፈተ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው መዳፋቸው ወደ በሩ አንዴ ተወዛወዘ። ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ።

«ውጡልኝ።»

እጃቸው ተመልሶ ወደቀ። ዓይናቸው አልተገለጠም፤ አልነቁም። አውራ ጣታቸው ግን ወጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል።

የመጀመሪያው ደስታ ካለፈ በኋላ ቃልአብ ሰሌዳውን አየ፤ ላብ አጥምቆታል። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «‹ውጡልኝ› ነው ያሉት። እኔም ሰምቻለሁ፣ ሰሌዳውም ሰምቷል። ይህ እምቢታ ነው የሚባለው።»

ሁሉም ወደ ሼህ ኑርዬ ዞረ። ሼሁ አልቸኮሉም። የማሩን ስኒ ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

«ልጄ» አሉት፣ «አንተ እንግዳ ሆነህ ሰው ቤት ስትሄድ ምን ትባላለህ?»

«ግባ ነዋ።»

«ጠላትህ ቤት ብትሄድስ?»

ወጣቱ አሰበ። «እሱም… ግባ ነው የሚለኝ።»

«እናስ? በዚህ አገር ‹ውጣልኝ› የሚልህ ማን ነው?»

ቃልአብ ሰሌዳውን ከደረቱ ላይ አወረደ። የራሱ አባት ትዝ ሳይሉት አልቀሩም፤ ፈገግታው አመለጠው። «የዝምድናው ዓይነት» አለ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ፣ «አባትነት፣ በአገር ባህል። ምስክር፣ ሼህ ኑርዬ።»

ሼሁ ማሩን በማንኪያ ጫፍ አውራ ጣቱ ላይ አስነኩ። መጀመሪያ የጠባችው ዘምዘም ነች። ማሩ ጣፋጭ፣ ጣቱ ቀዝቃዛ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ በሰው ፊት ተንበርክካ፣ የሽማግሌ ጣት ስትጠባ የሚያስቅ ነገር መሆኑን ታውቃለች፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ከእሷ ቀጥሎ የዓሣዋ ሴትዮ፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች። ቃልአብ አራተኛውን አሻራ ተቀብሎ ሰሌዳውን ሊዘጋ ሲል በላቸው ትከሻውን ያዘው።

«እኔንም ጻፈኝ።»

«አራት ሞልቷል እኮ። ደንቡ የሚፈልገው…»

«ለደንቡ አይደለም» አለ በላቸው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። «ከነገ ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ እየመጣሁ ልጣላው ነው። ባዕድ ሆኜ በምን መብት እጣላዋለሁ?»

እሱም ተንበረከከ። ከእሱ በኋላ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው መጣ፤ ሰልፉ ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃውን ይዞ ወረደ። ትናንት ደረጃው ላይ ጨርሶ እጁን ያላወጣ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ቃልአብ መቁጠሩን ትቶ መጻፍ ብቻ ቀጠለ። አራት ሰዓት አለፈ። ሙሽሪት በሩ ላይ ትንሽ ቆማ፣ የሚጫን ስታጣ፣ ሙዚቃዋን እያሰማች ባዶዋን ወደ ጭጋጉ ገብታ ወረደች።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል ተራው የዘምዘም ነበር። ሰዉ ወደየቤቱ ተበትኗል። አባቷን በግራ ጎናቸው አገላበጠች፤ ከንፈራቸውን በማንኪያ አራሰች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጋሽ አስናቀ» ብላ ጀመረችና አቆመች። ሌላውን ቃል የወለዷት አባቷ ከሞቱ ወዲህ ለዘጠኝ ዓመት አልጠራችውም።

«አባዬ» አለች። «ያኔ የመለስከኝ አንተ ነህ። አላመሰገንኩህም። አላህ ይስጥልኝ።»

አለቀሰች፤ ማንም ስለሌለ አልደበቀችውም። ጭጋጉ በመስኮቱ ገብቶ አልጋው ሥር ተኝቷል። አባቷ አሁን የት እንደቆሙ አሰበች። ውሃው ውስጥ ናቸው፤ ቆመው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ ማን እንደጮኸባቸው ለማየት ዞር ብለው ይሆናል። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ልታባብላቸው አፏን ከፈተችና ተወችው።

«አባዬ! ዘምዘም ነኝ፣ ልጅህ! በዚህ በኩል ነው! ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!» አለች፤ ድምፅዋን ከቶ አላለሰለሰችም።